ጌገንፕረስ፣ ኳስ ቁጥጥር ወይስ መልሶ ማጥቃት? የፉትቦል ማናጀር ታክቲክ እንዴት ይመረጣል፣ እንዴት ይፈተናል

ፉትቦል ማናጀር፣ አሰልጣኝ ሆናችሁ ቡድን የምትመሩበትን የኮምፒዩተር ጌም፣ የሚጫወቱ የጅማ ልጆች ሲገናኙ ወሬው በአንድ ጥያቄ ይጀምራል፤ «በምንድን ነው የምትጫወተው?» አንዱ 4-2-3-1 ይላል። ሌላው በሦስት መሀል ተከላካይ ነው ይላል። ሦስተኛው ከኢንተርኔት ያወረደውን፣ ስሙን በቅጡ የማያስታውሰውን ፋይል ያነሳል። ከዚያ ሁሉም የየራሱን ዋንጫ መቁጠር ይጀምራል። በየትኛው ቡድን እንደተጫወተና ስንት ጨዋታ እንደሞከረው ግን የሚጠይቅ የለም። ለእኔ ዋናዎቹ ጥያቄዎች እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ታክቲክ የሚመረጠው በእጅ ባለው ቡድን ነው። ጥሩ ነው ወይም አይደለም የሚባለው ደግሞ ከብዙ ጨዋታ በኋላ ነው።

የማወራው በዋናነት ስለ 2024ቱ እትም ነው። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2023 የወጣው ማለት ነው። የ2025ቱ ሳይወጣ ተሰርዟል። 26ቱ ወጥቷል፤ ስለ እሱ መጨረሻ ላይ ጥቂት እላለሁ። እዚህ ከተማ ግን፣ ኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ ዶርም ውስጥም ሆነ ሰፈር፣ የማያቸው ላፕቶፖች አብዛኞቹ በደንብ የሚሸከሙት 24ቱን ነው።

ለምሳሌ እንዲሆኑን ሁለት ቡድኖች ልያዝ። አንዱ ሉተን ታውን ነው። በ24ቱ እትም ገና ወደ ፕሪሚየር ሊግ ያደገና ይወርዳል ተብሎ የሚጠበቅ ቡድን ነው። በእውነተኛው ሊግም 26 ነጥብ ይዞ 18ኛ ሆኖ ወርዷል። ሌላው አርሰናል ነው። አርሰናልን ለጅማ ሰው ማስተዋወቅ አያስፈልግም። በዚያው ዓመት በ89 ነጥብ ሁለተኛ ሆኗል፤ ቁስሉን አልነካም።

አውርዶ መጫን ወይስ ራስ መሥራት

ከኢንተርኔት የሚወርድ ታክቲክ ጥሩ ጎን አለው። ፋይሉ ትንሽ ስለሆነ ዳታ አይበላም። ብዙውን ጊዜ ሌሎች ሰዎች ደጋግመው ሞክረውታል። ቅዳሜ ማታ ተቀምጦ ቶሎ ዋንጫ ማንሳት ለሚፈልግ ሰው ይበቃል፤ ነውርም የለውም።

ችግሩ የሚመጣው መሸነፍ ሲጀምር ነው። ታክቲኩን የሠራው ሰው ለምን የግራውን ተመላላሽ ወደ ውስጥ እንዳስገባው አታውቁም። ለምን አጥቂው ወደ ኋላ እንደሚወርድም አታውቁም። ስለዚህ የትኛውን ብሎን ማላላት እንዳለባችሁ ስለማታውቁ ሌላ ፋይል ታወርዳላችሁ። እሱም ሲደክም ሌላ። እንዲህ እያሉ አምስት ዓመት ተጫውተው ስለ ታክቲክ ምንም ያልተማሩ ሰዎች አውቃለሁ።

ከባዶ መሥራትም የራሱ ጣጣ አለው። ባዶው ሰሌዳ ላይ የሚመረጠው ነገር ብዙ ነው። ሮል (ተጫዋቹ በቦታው የሚሠራው ሥራ) አለ፣ ከሮሉ ጋር የሚሰጥ የመከላከል፣ የማገዝ ወይም የማጥቃት ኃላፊነት አለ፣ የቡድን መመሪያ አለ። ጀማሪ ሁሉንም ሲነካካ ቡድኑ ይበታተንበታል።

እኔ የምመርጠው መሀለኛውን ነው። ጨዋታው ራሱ ተዘጋጅተው የሚመጡ ስታይሎች አሉት። ጌገንፕረስ (ኳስ እንደተነጠቀ ወዲያው ጫና ፈጥሮ መልሶ መንጠቅ)፣ ቲኪ ታካ (በአጭር ፓስ መቀባበል)፣ ኳስ ቁጥጥር፣ የክንፍ ጨዋታ፣ ሁለት ዓይነት መልሶ ማጥቃት፣ ካቴናቾ (ተዘግቶ መከላከል) እና ሌሎችም። ከእነዚህ አንዱን ጫኑና መመሪያዎቹን ግማሽ ያህል አጥፉ። ከዚያ የሚያስፈልገውን አንድ በአንድ መልሱ። መነሻ አላችሁ፤ እያንዳንዱ ነገር ለምን እንዳለም ታውቃላችሁ።

ጌገንፕረስ፦ ጉልበት ያለው ይግባ

እውነቱን ለመናገር ማች ኢንጂኑ፣ ማለትም ጨዋታዎቹን የሚያሰላው የጌሙ ክፍል፣ ጫና ፈጣሪ ቡድንን ይወዳል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ኳሱን ከተቃራኒ ሳጥን 30 ሜትር ላይ ከነጠቃችሁ ጎሉ ቅርብ ነው፤ ተከላካዮቹም ተበታትነዋል። ለዚህ ነው ከመካከለኛ በታች የሆነ ቡድን እንኳ በጌገንፕረስ ከአቅሙ በላይ ነጥብ ሲሰበስብ የምታዩት። ከአቅም በታች የሆነ ቡድን መከላከል አለበት የሚለው ምክር ሜዳ ላይ ልክ ሊሆን ይችላል። ጨዋታው ውስጥ ግን ሁልጊዜ አይሠራም።

ዋጋው ግን ውድ ነው። ተጫዋቾች ይደክማሉ፣ የደከመ ተጫዋች ይጎዳል፣ የተጎዳው ቦታ ላይ ደካማው ተቀያሪ ይገባል። በገና ሰሞን የእንግሊዝ ቡድን በየሦስት በየአራት ቀኑ ሲጫወት ውጤቱ የሚንኮታኮተው በዚህ ነው። ብዙ ሰው ያኔ «ታክቲኬን ተቃራኒዎች አወቁት» ይላል። ብዙውን ጊዜ ማንም አላወቀውም። ልጆቹ ደክመዋል።

ስለዚህ ጌገንፕረስ ይስማማኝ ይሆን ብላችሁ ስትጠይቁ ምርጥ 11ዱን አትዩ። የቡድን ዝርዝር ገጹን ክፈቱና ስታሚና (ጉልበት)፣ ወርክ ሬት (ትጋት) እና ቲምወርክ (የቡድን ሥራ) የሚሉትን ዓምዶች ጨምሩ። ቁጥሩ ከ20 ነው። ከዚያ ከ12ኛው እስከ 18ኛው ያሉትን ተጫዋቾች ተመልከቱ። ተቀያሪዎቹ ስታሚናቸው ከ11 እና 12 በታች ከሆነ ይህ ስታይል እስከ ጥር ነው የሚያደርሳችሁ። ቁጥሩ የእኔ ግምት ነው፤ እንደየሊጉ ይለያያል። በታችኛው ሊግ ሁሉም ደካማ ስለሆነ 10ም ሊበቃ ይችላል። የሚወዳደረው ከሊጋችሁ አማካይ ጋር ነው።

ሁለተኛው መመዘኛ የመሀል ተከላካዮቻችሁ ፍጥነት ነው። መስመራችሁ ወደ ላይ ሲወጣ ከኋላ ሰፊ ሜዳ ይቀራል። አርሰናል ሳሊባን ይዞ ይህን ይደፍራል። ሉተን ግን ከኋላ ያሉትን ሰዎች ፍጥነት ሳያይ መስመሩን እላይ ከሰቀለ በየጨዋታው ግብ ጠባቂው ከአጥቂ ጋር ብቻ ለብቻ ሲፋጠጥ ታያላችሁ። እንዲህ ከሆነ ጫናውን ትታችሁ መሄድ የለባችሁም። ጫና የሚጀመርበትን ቦታ ወደ መሀል ሜዳ አውርዱት፣ የተከላካይ መስመሩንም አንድ እርከን ዝቅ አድርጉት። ኳስ እንደተነጠቃችሁ ወዲያው መልሶ የመንጠቁን መመሪያ ግን ተዉት፤ ይቀጥል። ይህ ግማሽ ጌገንፕረስ ነው። ለአብዛኛው መካከለኛ ቡድን የምመክረውም እሱን ነው።

ኳስ ቁጥጥር፦ መልኩ ያምራል

ስክሪኑ ላይ 65 በመቶ ኳስ ይዛችሁ ማየት ደስ ይላል። ከዚያ የኤክስጂውን ቁጥር ታያላችሁ። ኤክስጂ ማለት ከተፈጠሩት እድሎች ጥራት ተነስቶ «ስንት ጎል ይገባ ነበር» የሚለው ግምት ነው። 0.7 ይላል። ተቃራኒው በ35 በመቶ ኳስ 1.4 ሠርቷል። ይህን ነገር ያላየ የኳስ ቁጥጥር አፍቃሪ የለም።

ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ከመመሪያ መደራረብ ይመጣል። አጭር ፓስ ትመርጣላችሁ፣ ፍጥነቱን ትቀንሳላችሁ፣ ከኋላ ተነስታችሁ እንድትጫወቱ ታዛላችሁ፣ ሳጥን ውስጥ ካልገባችሁ አትምቱ ትላላችሁ፣ ሜዳውን ታጠባላችሁ። እያንዳንዱ ለብቻው ደህና ነው። አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ይጎትታሉ፤ ቡድኑ ኳሱን ይዞ ቆሞ ይቀራል። በርበሬው፣ ጨውና ቅመሙ እያንዳንዱ ጥሩ ስለሆነ ብቻ ወጥ ላይ ሁሉንም አንድ ጊዜ አትገለብጡም። ከአምስቱ ሁለቱን ምረጡ፤ ሌላው ለተጫዋቾቹ ይተው።

ሁለተኛው የተለመደ ጥፋት ሁሉም ተጫዋች ኳስ እግሩ ላይ የሚፈልግ ሲሆን ነው። ወደ ኋላ የሚወርድ አጥቂ፣ ኳስ አከፋፋይ አማካይ፣ ወደ ውስጥ የሚገቡ ክንፎች። ጥሩ፤ ከተከላካይ ጀርባ የሚሮጠው ማን ነው? ቢያንስ ሁለት ሰው የማጥቃት ኃላፊነት ተሰጥቶት ወደ ፊት መሮጥ አለበት። ኦዴጋርድ ፓሱን ቢያየውም ተቀባይ ከሌለ ወደ ኋላ ነው የሚመልሰው።

ይህ ስታይል ለማን ይሆናል? ተጋጣሚ ፈርቶ ለሚዘጋበት ቡድን ነው። አርሰናልን ይዛችሁ ከሆነ ከግማሽ በላይ የሆነው ተጋጣሚያችሁ በሩን ዘግቶ ነው የሚጠብቃችሁ። ያኔ ትዕግሥትና ቴክኒክ ያስፈልጋል። የምታዩት ፓሲንግ፣ ፈርስት ተች (የመጀመሪያ ንክኪ)፣ ዲሲዥንስ (ውሳኔ) እና ኮምፖዠር (እርጋታ) ነው። የአማካዮቹን ብቻ አይደለም፤ የመሀል ተከላካዮቹንና የግብ ጠባቂውንም ጭምር ነው። የመሀል ተከላካዩ ኮምፖዠር 8 ሆኖ ከኋላ አጫውት ካላችሁት ጎሉን ራሳችሁ እየሰጣችሁ ነው።

በሉተን ኳስ ቁጥጥር? ይቅርባችሁ።

መልሶ ማጥቃት፦ የድሃው ቡድን ወዳጅ፣ እስኪታወቅ ድረስ

ሉተንን ይዛችሁ ማንቸስተር ሲቲን ስትገጥሙ ክፍት ሜዳው ከእነሱ ጀርባ ነው ያለው። መልሶ ማጥቃት የሚኖረው በዚያ ሜዳ ነው። መስመራችሁን ታወርዳላችሁ፣ ተጠጋግታችሁ ትከላከላላችሁ፣ ኳስ ስትነጥቁ በሁለት በሦስት ፓስ ጎል ጋር ትደርሳላችሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። ፍጥነት የሌለው መልሶ ማጥቃት መልሶ ማጥቃት አይደለም፤ ኳስ እየጠለዙ መልሶ መከላከል ነው። ፔስ (የሩጫ ፍጥነት) እና አክሰለሬሽን (ቶሎ የመፍጠን አቅም) የሚባሉት ሁለት ቁጥሮች በዚህ ጨዋታ በአጠቃላይ ከባድ ሚዛን አላቸው፤ በዚህ ስታይል ደግሞ ሁሉም ነገር ናቸው። በ24ቱ እትም ሉተን ቺዶዚ ኦግቤኔ አለው፤ ሯጭ ነው። ኤሊያህ አደባዮ እና ካርልተን ሞሪስ ደግሞ በአየር ኳስና በጉልበት ይሻላሉ። ስለዚህ ረጅም ኳስ ለአንዱ ትልቅ አጥቂ፣ ሯጩ ከጎኑ እያለፈ፣ ከክንፍ ክሮስ። የቡድኑን ዝርዝር ያየ ሰው ታክቲኩን ከተጫዋቾቹ አንብቦ ያወጣዋል።

ድክመቱ ግልጽ ነው። እናንተ ተሽላችሁ የምትገኙበት ጨዋታ ሲመጣ ተጋጣሚ አይወጣም። ክፍት ሜዳ የለም። ሁለት ቡድን ተያይቶ 0 ለ 0 ይለያያል። ላለመውረድ መልሶ ማጥቃትን በሙሉ ልቤ እመርጣለሁ። ዋንጫ ለመብላት ግን ብቻውን አይበቃም።

ስለ ፎርሜሽን ደግሞ በአጭሩ። በ24ቱ እትም ሰሌዳው ላይ የምታዩት ቅርጽ ኳስ ሳትይዙ የምትቆሙበት ነው። ስታጠቁ የሚኖራችሁን ቅርጽ የሚወስኑት ሮልና ኃላፊነት ናቸው። በዚህ ምክንያት ክንፎቻችሁን ወደ ላይ አውጥታችሁ 4-3-3 ብትሠሩ፣ ያው ሰዎች ወደ አማካይ መስመር ወርደው 4-1-4-1 ቢሆኑ፣ ስታጠቁ ብዙም ላይለይ ይችላል። ስትከላከሉ ግን ሌላ ቡድን ነው። ተመላላሻችሁ ሁልጊዜ ከሁለት ሰው ጋር ብቻውን የሚቀር ከሆነ መፍትሔው ይኸው ነው። ከሰባቱ የሜንታሊቲ (ቡድኑ ምን ያህል እንደሚደፍር የሚወስን) እርከኖች ደግሞ «አታኪንግ» ማለት ብዙ ጎል ማለት አይደለም። ፍጥነቱም፣ ስፋቱም፣ መስመሩም፣ አደጋውም አብሮ ይጨምራል። ጀማሪ በሚዛናዊው ወይም አንድ ከፍ ብሎ ባለው ይጀምር።

አሁን ፈተናው

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በመምረጡ ላይ አይደለም፤ በመፍረዱ ላይ ነው። ሦስት ጨዋታ ካሸነፈ «ታክቲኩ ገዳይ ነው» ይላል። ሁለት ከተሸነፈ ይጥለዋል። ያው ጨዋታ ከያው ሴቭ (ከተቀመጠ ፋይል) ተከፍቶ ቢደገም ሌላ ውጤት እንደሚሰጥ ግን እያንዳንዳችን እናውቃለን፤ የፍጻሜ ጨዋታ ተሸንፎ ሳያስቀምጥ የዘጋ ሁሉ ያውቀዋል።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። አንድ ቡድን ካለው አቅም ከ10 ጨዋታ 5ቱን ያሸንፋል፣ 2ቱን አቻ ይወጣል፣ 3ቱን ይሸነፋል እንበል። አማካዩ በጨዋታ 1.7 ነጥብ ነው። ከ10 ጨዋታ 17 ነጥብ ይጠበቃል። ይሁንና በእድል ብቻ ይህ ቁጥር 4 ነጥብ ያህል ወደ ላይም ወደ ታችም ይዋዥቃል። 13 ቢያመጣም 21 ቢያመጣም ቡድኑ ያው ነው። በ38 ጨዋታ ደግሞ 65 ገደማ ይጠበቃል፤ መዋዠቁ 8 ነጥብ ያህል ይሆናል። እንግዲህ አንድ ሲዝን 57 ያመጣ ታክቲክና 73 ያመጣ ታክቲክ አንድ ዓይነት ሊሆኑ ይችላሉ። አንዱ ለአውሮፓ እንኳ አልደረሰም፣ ሌላው ቻምፒየንስ ሊግ ገብቷል። ልዩነቱ ግን እድል ብቻ ሊሆን ይችላል።

ይህን ይዘን የመፈተኛ መንገዶቹን እናወዳድር።

የወዳጅነት ጨዋታ፦ ታክቲኩን ለማስለመድ ጥሩ ነው፤ ለመፍረድ ግን አይሆንም። ተጋጣሚው ደካማ ነው፣ ቅያሪው ብዙ ነው፣ የማንም ልብ ጨዋታው ላይ የለም። 6 ለ 0 ስላሸነፋችሁ ምንም አላወቃችሁም።

ተቀምጦ ማየት፦ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ሰው ግን የሚያየው በተሳሳተ መንገድ ነው። ዋና ዋና ሃይላይቶችን ብቻ ካያችሁ የምታዩት ጎልና ለጎል የቀረበ ነገር ነው። አማካያችሁ 70 ደቂቃ ሙሉ ከተጋጣሚ አማካይ ጀርባ ተደብቆ መቆሙን አታዩም። አዲስ ታክቲክ ሲጀመር ሁለት ወይም ሦስት ጨዋታ ሙሉውን፣ ካልሆነም በረጅሙ ሃይላይት ተመልከቱ። የምትፈልጉት ኳሱ ሁልጊዜ የሚጠፋበትን ቦታ ነው። ጎል ሲገባባችሁ ደግሞ ከጎሉ በፊት ያሉትን 20 ሴኮንዶች መልሳችሁ እዩ። ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ጎል ያስቆጠረው ሰው ጋር የለም፤ ኳሱን ወደ ክንፍ እንዲያወጡ የተፈቀደላቸው ጊዜ ላይ ነው። ማየት ምን መስተካከል እንዳለበት ይነግራችኋል። ታክቲኩ በአጠቃላይ ከሌላው ይበልጣል ወይ የሚለውን ግን አይነግራችሁም።

እረፍት ወጥቶ ማስሮጥ፦ የብዙ ጨዋታ ጥያቄ የሚመለሰው በዚህ ነው። ሴቩን ኮፒ ታደርጋላችሁ። ሲዝኑ ከመጀመሩ በፊት ጌሙ ውስጥ እረፍት ትወጣላችሁ፤ ምክትላችሁ አሁን ያለውን ታክቲክ እንዲጠቀም ምልክት ታደርጋላችሁ፤ ዝውውር እንዳያደርግም ትከለክሉታላችሁ። ላፕቶፑ ሲዝኑን እስኪጨርስ ቡና ይፈላል። ከዚያ ከያው ሴቭ ተነስታችሁ ሌላውን ታክቲክ ታስሮጣላችሁ። አራት አራት ጊዜ ብትደግሙትና አማካዩን ብትይዙ መዋዠቁ በግማሽ ይቀንሳል። ያም ሆኖ በሁለቱ አማካዮች መካከል ያለው ልዩነት ከ10 ነጥብ በታች ከሆነ እኩል ናቸው ብላችሁ ያዙ። ከእኩሎቹ የሚያስደስታችሁን ምረጡ።

የዚህ መንገድ እንከን አሰላለፉን የሚመርጠው ምክትሉ መሆኑ ነው። በጨዋታ መሀል የምታደርጉት ማስተካከያም የለም። ስለዚህ የሚወጣው ነጥብ እናንተ ብትጫወቱ ከምታመጡት ሊያንስ ይችላል። ግድ የለም። ሁለቱም ታክቲኮች የተጎዱት እኩል ነው፤ የምትፈልጉት ንጽጽሩን ነው። አንድ የጅማ ምክር ልጨምር፤ አውቶ ሴቩን በየሳምንቱ አድርጉት። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ላይ መጋቢት የደረሰ ሲዝን በመብራት መጥፋት ሲሄድ ያማል።

በኤዲተር (የጌሙን ዳታ በሚቀይር ፕሮግራም) የራስ ሊግ መፍጠር፦ ጨዋታውን የገዛ ሰው ዋናውን ኤዲተር በነፃ ያገኘዋል። ሁሉም ቡድን እኩል አቅም ያለው ሊግ ሠርቶ ታክቲክ ብቻውን መፈተን ይቻላል። ንጹሕ መንገድ ነው፤ አድካሚም ነው። ታክቲክ እየሠራ ለሰው ለሚያካፍል ሰው ይገባዋል። ለራሱ ሉተንን ለማዳን የሚታገል ሰው ግን ጊዜውን ሉተን ላይ ያጥፋ።

ከየትኛውም መንገድ ጋር ሦስት ነገር አትርሱ። አንደኛ፣ ከነጥብ ይልቅ የኤክስጂ ልዩነትን ጻፉ፤ የፈጠራችሁት ሲቀነስ የተፈጠረባችሁ ማለት ነው። በጥቂት ጨዋታ ከነጥብ የተሻለ እውነት ይናገራል። ዳታ ሃብ በሚባለው የጌሙ የስታቲስቲክስ ገጽ ውስጥ ታገኙታላችሁ። ሁለተኛ፣ ከኮርና ከቅጣት ምት የገቡትን ጎሎች ለይታችሁ ቁጠሩ። ጥሩ የኮርና አደራደር ያለው ደካማ ታክቲክ ጎበዝ መስሎ ይታያል። ወርዶ የሚመጣ ፋይል ሲደነቅ እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ኮርናውን ነው። ሦስተኛ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። ፍጥነቱን፣ የክንፉን ሮልና የተከላካይ መስመሩን በአንድ ማታ ቀይሮ ማሸነፍ የትኛው እንደሠራ አያሳይም። ደብተር ያዙ፤ ምን እንደቀየራችሁ በአንድ መስመር ጻፉ። ስልክ ላይ የሚጻፈው ይጠፋል፤ ደብተሩ ላፕቶፑ ሥር ይቀመጣል።

ሠርቶ የነበረው ሲቆም

ሁለተኛው ሲዝን ላይ የሚመጣ ነገር አለ። ዓምና በመልሶ ማጥቃት ወይም በግማሽ ጌገንፕረስ ከሉተን ጋር 9ኛ ሆናችኋል። ዘንድሮ ያው ታክቲክ፣ የተሻሉ ተጫዋቾች፣ የባሰ ውጤት። ብዙ ሰው ጨዋታው አጭበረበረኝ ይላል። የሆነው ሌላ ነው። የክለባችሁ ዝና አድጓል። በኮምፒዩተሩ የሚመሩት አሰልጣኞች አሁን እናንተን ሲገጥሙ በጥንቃቄ ይገባሉ፤ በተለይ ሜዳችሁ ላይ ይዘጋሉ። ዓምና የነበረው ክፍት ሜዳ ዘንድሮ የለም።

የራሳችንን ጅማ አባ ጅፋር አስቡ። በ2010 ዓ.ም. ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ባደገበት በዚያው ዓመት ዋንጫውን አነሳ። አዲስ ገቢ ሆኖ መጫወትና ሻምፒዮን ተብሎ መጫወት አንድ አይደለም። በነገራችን ላይ ያንን ዋንጫ ያነሱት አሰልጣኝ ገብረመድህን ኃይሌ በቀጣዩ ዓመት ከመቐለ 70 እንደርታ ጋር ሌላ ደገሙ። ሌላ ቡድን፣ ሌሎች ተጫዋቾች። እንዲህ ያለ አሰልጣኝ በጨዋታው ውስጥ ቢገጥመኝ ታክቲኩን ከኢንተርኔት ያወረደ አይመስለኝም።

ለዚህ ነው ሦስቱ የታክቲክ ቦታዎች ባዶ መቅረት የሌለባቸው። አንደኛው ቦታ ላይ ዋናው ይሁን። ሁለተኛው ላይ ለሚዘጋ ተጋጣሚ የሚሆነውን አስቀምጡ። ቅርጹ ያው ይሁን፣ አንድ ተመላላሽ ወደ ማጥቃት ይሂድ፣ ሜዳው ይስፋ፣ ፍጥነቱ ትንሽ ይቀንስ። ሦስተኛው መሪነት ለማስጠበቅ ነው። የሦስቱ ቅርጽ ሲቀራረብ ተጫዋቾች ቶሎ ይለምዱታል። 4-2-3-1፣ 3-5-2 እና 4-4-2 አንድ ላይ የሚያሠለጥን ሰው ግን ሦስት ያልበሰሉ ታክቲኮች ነው የሚኖሩት።

ጠቅልላችሁ ምረጥልን ካላችሁኝ፤ ላለመውረድ ለሚታገልና አጥቂው ሯጭ ለሆነ ቡድን መልሶ ማጥቃት። ለመካከለኛ ቡድን፣ ተቀያሪዎቹም ጉልበት ካላቸው፣ መስመሩ ዝቅ ያለ ግማሽ ጌገንፕረስ። ለትልቅ ቡድን ሙሉ ጌገንፕረስ፣ ከሱ ጋር ለሚዘጉ ተጋጣሚዎች የኳስ ቁጥጥር ቅጂ። ንጹሕ ኳስ ቁጥጥርን ብቻውን የምመክረው ውበቱ ከዋንጫው ለሚበልጥበት ሰው ነው። እንዲህ ዓይነት ሰዎች አሉ፤ አከብራቸዋለሁ።

26ቱን ለያዛችሁ

26ቱ ላይ ትልቁ ለውጥ ኳስ ስትይዙና ሳትይዙ ሁለት የተለያየ ቅርጽ ለየብቻ መሳል መቻሉ ነው። ቀድሞ በሮልና በኃላፊነት በተዘዋዋሪ የምናደርገው አሁን በግልጽ ይሳላል። ከላይ ያልኩት የስታይል ምርጫ አይለወጥም። የሚለወጠው ፈተናው ነው። የሚነካካው ነገር ወደ እጥፍ ስለሚጠጋ መጀመሪያ ኳስ ሳትይዙ ያለውን ቅርጽ አስተካክሉና ቆልፉት። የሚፈጠርባችሁ ኤክስጂ ከወረደ በኋላ ወደ ማጥቃቱ ሂዱ። በጣም የተራራቁ ሁለት ቅርጾች አትምረጡ። ኳሱ በተነጠቀ ቁጥር የቀኝ ክንፋችሁ 40 ሜትር ሮጦ ተመላላሽ መሆን ካለበት 60ኛው ደቂቃ ላይ አይደርስም፤ ስታሚናው 17 ካልሆነ በቀር።